የግቢን ሣር በጥቂት ውሃ በሚኖር የአትክልት ቦታ መተካት

በአዲስ አበባ አንድ ካሬ ሜትር የግቢ ሣር በበጋ ልምላሜውን እንዳያጣ ከተፈለገ በቀን 3 ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ በሚከርርበት በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። 80 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ግቢ እንግዲህ በየቀኑ 240 ሊትር፣ በቢጫው ባለ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 12 ጀሪካን ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ1,000 ሊትር ሮቶ ለሣሩ ብቻ ቢውል በአምስተኛው ቀን ባዶ ይሆናል፤ ያውም ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ፊቱን ሳይታጠብበት። ይህን ስሌት እኔ የሠራሁት ሣሬን ለዘጠኝ ዓመት ካጠጣሁ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው የራሴን ግቢ ከሣር ወደ ቁጥቋጦ፣ ወደ መዓዛማ ቅጠልና ወደ እሬት የቀየርኩበትን አካሄድ ሲሆን፣ የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎችም አልዘለልኩም።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር የከተማችን ችግር የዝናብ ማነስ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናብ ታገኛለች፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ውስጥ ይወርድና የቀረው ጊዜ፣ አልፎ አልፎ ከሚጥለው የበልግ ዝናብ በስተቀር፣ ደረቅ ሆኖ ያልፋል። ውሃ ቆጣቢ አትክልተኝነት ዛሬ በዓለም የሚታወቅበት «ዜሪስኬፕ» የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 በኮሎራዶ፣ በዴንቨር ከተማ የውሃ ድርጅት ነው። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚልኩልን ፎቶግራፍ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ጠጠርና እሾሃማ ቁልቋል የሚታይበት ነው። ያንን እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የዴንቨር አትክልት በዓመት ውስጥ የሚያገኘውን ያህል ዝናብ የእኛ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ሊጠጣው ይችላል። ስለዚህ እኛ የምንተክለው ነገር ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎችን ማለፍ አለበት፤ መጀመሪያ በክረምት ሥሩ ሳይበሰብስ መትረፍ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰባት ወር ያህል ተጠምቶ መቆየት። የሥራው ቅደም ተከተልና የጊዜ ምርጫው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዶማ ከማንሳት በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ግቢውን መመልከት ይገባል። ፀሐይ ጧት የሚያርፍበትን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆንበትን፣ ባለፈው ክረምት ውሃ ያቆረበትን ቦታ በወረቀት ላይ ንድፍ አድርጎ መያዝ፣ የውሃ ቧንቧው የሚያልፍበትንና የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ያለበትንም ማስፈር ጥሩ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሣሩ እስካሁን ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ግቢ ለመታያ ብቻ አይደለም፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ በዓመት በዓል በግ የሚታሰረውም እዚያው ነው። ይህንን የዘነጋ ንድፍ የመጀመሪያው ድግስ በመጣ ጊዜ ይረገጣል። እኔ ከ80 ካሬ ሜትሩ ውስጥ 30ውን ለድንኳን በሚሆን ልክ ኮብልስቶን አነጠፍኩበት፤ በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት ግን ውሃ እንዲሰርግ በሲሚንቶ ሳልደፍን በአሸዋ ብቻ ሞላሁት። 12 ካሬ ሜትር ሣር ለልጆቹ አስቀረሁ። ሣርን ጨርሶ ማጥፋት ግዴታ አይደለም፤ ማንም የማይረግጠውን፣ ለማጨድ ብቻ የሚገባበትን ሣር ማስወገድ ይበቃል። ለቡና ይጎዘጎዛል የሚል ክርክር ከቤት ሽማግሌዎች ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ድሮም ከገበያ የሚገዛ እንጂ ከግቢ ሣር የሚታጨድ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የአፈሩ ምርመራ ይከተላል። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት የሰሜን ሰፈሮች በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃ ስለሚያሳልፍ ሥራውን ያቀልላል። በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በአቃቂና በአካባቢያቸው በሰፊው የሚገኘው ጥቁሩ ዋልካ ግን በክረምት አብጦ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለማረጋገጥ 40 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፣ ያ ውሃ ሰርጎ ካለቀ በኋላ እንደገና መሙላትና ሰዓት መያዝ ነው። ሁለተኛው ሙሌት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ አፈሩ ለማንኛውም ተክል ይሆናል፤ በማግስቱም ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ከተገኘ ከፍ ያለ መደብ ሳይሠሩ እሬትም ሆነ የጥብስ ቅጠል መትከል ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መጣል ነው። እኔ ይህን ምርመራ ያደረግሁት ከጥፋቱ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 14 የጥብስ ቅጠል ችግኞች በደልዳላው መሬት ላይ ተክዬ ነበር፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅጠላቸው ከሥር ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ በላዩ ላይ አጠጣኋቸው። አንዱን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ እንደ ረጋ ኩሬ ይሸት ነበር።

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ። በከተማችን ግቢዎች በብዛት የሚገኙት ኪኩዩና ሰርዶ ናቸው። ኪኩዩ የትውልድ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ስለሆነ በእኛ አየር እንግዳ አይደለም፤ ከመሬት በላይ በሚሳብ ሐረግ፣ ከመሬት በታች ደግሞ ነጭና ወፍራም በሆነ ግንድ መሰል ሥር ይራባል። ጣት የማታህል ቁራጭ ከተረሳች አንጓዋ ላይ ሥር አውጥታ በአንድ ክረምት አንድ መደብ ትሸፍናለች። በዚህ ምክንያት ላዩን ገፍፎ መጣል ወይም በካርቶን ብቻ ሸፍኖ መተው፣ ለሌላ ሣር ቢሠራም፣ ለኪኩዩ አይበቃም። ፀረ አረም መርጨት ፈጣኑ መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያው መሬት ላይ ለወጥና ለቡና የሚሆን ቅጠል ልተክል ስላሰብኩ አልተጠቀምኩበትም።

የሠራልኝ ዘዴ ይህ ነው። በጥር መጀመሪያ ሣሩን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ አጠጥቼ፣ ከአምስት ቀን በኋላ እስከ መሬት አጭጄ፣ ወዲያውኑ በወፍራም ጥቁር ላስቲክ ሸፈንኩት። ሊገድሉት ያሰቡትን ሣር ማጠጣት እንግዳ ነገር ይመስላል። የተጠማ ሣር ግን ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ሥሩ ውስጥ ያከማቸውን ስንቅ ይዞ ዝናብ ይጠብቃል። ውሃ ያገኘው ሣር ደግሞ በጨለማ ውስጥ ለማደግ ሲታገል ስንቁን ይጨርሳል። የላስቲኩን ጠርዝ ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ማፈን ያስፈልጋል፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ የማምለጫ በር ነው። በሞቃት አገር የሚመከረው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አፈሩን በሙቀት ለማብሰል የታሰበ ስለሆነ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር እምብዛም አይረዳም፤ እዚህ የሚገድለው ሙቀቱ ሳይሆን ጨለማው ነው።

ከ10 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ፣ ላስቲኩ ሲነሳ ሣሩ ገርጥቶና ተኝቶ ይገኛል። ያኔ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በዶማ እየቆፈሩ ነጩን ሥር በእጅ መልቀም ይጀመራል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለእኔ ለቀረው 38 ካሬ ሜትር መሬት ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር አራት ቀን ፈጅቶብናል። ዋልካ አፈር ደርቆ ድንጋይ በሆነ ጊዜም፣ ረጥቦ ዶማ ላይ በሚጣበቅ ጊዜም አይቆፈርም፤ የመጀመሪያው የበልግ ካፊያ ከጣለ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሚሆንበት አጭር ጊዜ አለ፤ ያንን መጠባበቅ ድካሙን በግማሽ ይቀንሳል። የተለቀመው ሥር ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ በእጅ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ መድረቅ አለበት። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የተሸሸገውን ቁራጭ ሁሉ አረንጓዴ ጫፍ እያስወጣ ያጋልጠዋል። እስከ ግንቦት መጨረሻ በየ10 ቀኑ መሬቱን እየዞሩ የበቀለውን ከነሥሩ ማውጣት፣ ከዚያ በፊት ግን አንድም ችግኝ አለመትከል ይመረጣል። የጎረቤት ሣር በአጥር ሥር ሾልኮ እንዳይመለስ በድንበሩ ላይ አሮጌ የቆርቆሮ ቁራጭ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ መቅበር ይጠቅማል። ለልጆች በሚቀረው ሣር ዙሪያም እንዲሁ።

ሚያዝያና ግንቦት የመደብ መሥሪያ ጊዜ ናቸው። ለዋልካ መሬት ከእኛው ገበሬ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ጥቁሩን መሬት ሰፋ ባለ ከፍተኛ መደብና በመካከሉ በሚያልፍ ቦይ እየከፈሉ የክረምቱን ውሃ ከሰብላቸው ሥር ሲያሸሹ ኖረዋል። የግቢ አትክልትም በዚሁ መላ ይሠራል። ከቦዮቹ የወጣውን አፈር ወደ መደቡ መከመር፣ ከፍታውን ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ማድረስ፣ በውስጡም የበሰለ ብስባሽ ወይም የቆየ ፍግ እና ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መቀላቀል ነው። እኔ ለሦስት አካፋ አፈር አንድ አካፋ ብስባሽና አንድ አካፋ ደቃቅ ሬድ አሽ ቀላቅያለሁ። በዋልካ ላይ አሸዋ ብቻ መጨመር ግን ሲደርቅ የጡብ ያህል የሚጠነክር ነገር ስለሚሰጥ ይቅር። ቀይ አፈር ያላቸው ሰዎች ይህን ሁሉ መድከም አይኖርባቸውም፤ ብስባሽ ጨምረው፣ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ወራጁን የሚያግድ ዝቅተኛ የድንጋይ እርከን ቢሠሩ ይበቃቸዋል።

ቦዮቹ የሚወስዱት ውሃ ወዴት ይሂድ? ወደ አስፋልት መልቀቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም ከአጥሩ አጠገብ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይና በሬድ አሽ መሙላትና ወደዚያ መምራት ውሃውን እዚያው ያሰርገዋል። በተለይ በዋልካ ላይ ይህ ጉድጓድ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳ ይሰነጥቃልና። በነገራችን ላይ ከበረንዳ ሥር ያለን ሣር በየቀኑ ማጠጣትም በመሠረቱ ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ከጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደውን ደግሞ ወደ ሮቶ መምራት ይቻላል፤ በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል፣ የሚፈስና የሚረጨው ተቀንሶ እንኳ 800 ሊትር ያህል ይገኛል። ያንን ውሃ እስከ መጋቢት አቆየዋለሁ ብሎ ማሰብ ግን ለብዙ ቤት ከአቅም በላይ የሆነ ታንከር ይጠይቃል። የእኔ ልማድ በመስቀል ሰሞን የሚጥለውን የመጨረሻ ዝናብ ሮቶ ሞልቶ መያዝና በኅዳር ለአዲሶቹ ችግኞች መጠቀም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። በአንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ ሥራውን በኮንትራት የያዘ ሰው መሬቱን በሙሉ በላስቲክ ሸፍኖ በላዩ ጠጠር አፈሰሰበትና በየሜትሩ ላስቲኩን እየቀደደ አንዳንድ ተክል ተከለ። እስከ ሰኔ ያማረ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መግቢያ ስላጣ በጠጠሩ ሥር እየተንሸራተተ በረንዳው ላይ ወጣ፤ በጥር ደግሞ በላስቲኩ ምክንያት ሥራቸው ዝናቡን ሳያገኝ የቀሩት ተክሎች ከሁሉ ቀድመው ደረቁ። ላስቲክ ሣር መግደያ እንጂ የአትክልት ወለል አይደለም፤ ሥራውን እንደጨረሰ መነሳት አለበት።

የተክል ምርጫ ላይ ስንደርስ ወጪው የሚቀንስበት፣ ደስታውም የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደረስን። በጥቂት ውሃ የሚኖሩት ብዙዎቹ ከጓሯችን የማይጠፉ ናቸው። ከመደቡ አናት ላይ፣ በጣም ደረቅ በሚሆነው ክፍል፣ እሬት፣ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ይቀመጣሉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቀይ ወይም ብርቱካናማ አበባቸውን ሲያወጡ አበባ የምትቀስመዋ ወፍ ከአጥር አትጠፋም። የደጋችን ጦስኝ በተፈጥሮው በከፍተኛ ቦታ፣ በድንጋያማ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ስለሆነ የሣርን ቦታ በመተካት ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ችግኙን በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢተክሉት በሁለት ዓመት ይገናኛል። ነገር ግን ጦስኝ እንደ ሣር አይረገጥም፤ አልፎ አልፎ ብቻ እግር ቢያርፍበት ይችላል፤ ያኔም ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። የጥብስ ቅጠል ሲያድግ ስለሚሰፋ በመካከሉ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው ያስፈልጋል።

በመደቡ ወገብ ላይ ጤና አዳም፣ አሪቲና ኮሰረት ይመቻቸዋል። ጤና አዳምን በፀሐይ ላይ በባዶ እጅ መቁረጥ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያቃጥላልና ጧት ወይም በጓንት ይሁን። አሪቲ በግራጫ ቅጠሉ ለዓይን ዕረፍት ይሰጣል፤ በየዓመቱ ካልተገረዘ ግን ይሰለላል። ከመደቡ ግርጌ፣ እርጥበት በሚዘገይበት ቦታ፣ ጠጅ ሣርና ዳማከሴ ይተከላሉ፤ እነዚህ ከላይኞቹ ይልቅ ውሃ ይወዳሉ። ለአጥር ክትክታና ሰንሰል ሁለቱም ድርቅ ይችላሉ፤ ሰንሰል በቁራጭ ስለሚበቅል ከጎረቤት ማግኘት ይቻላል። ቡገንቪሊያ ለአጥር የሚያምር ቢሆንም በከፍተኛ ሰፈሮች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ቁልቋል መትከል የሚፈልግ ሰው ነጭ ደሙ ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ ያስብ፤ ልጆች ባሉበት ግቢ እኔ አልመክረውም። ቦታ ያለው አንድ ወይራ ይትከል፤ ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ ዕድሜው ግን ከተካዩ ይበልጣል። በየክፍተቱ ደግሞ የአደይ አበባ ዘር በግንቦት መጨረሻ ላይ ቢበተን በመስከረም ወር ግቢው ቢጫ ይለብሳል፤ ዘሩን ከማራገፉ በፊት ካልነቀሉት በሚቀጥለው ዓመት ራሱን ይዘራል። አገር በቀል ተክሎችን በአካል አይቶ ለመምረጥ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የግማሽ ቀን ጉብኝት ይገባዋል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሲገዙ ትልቁን ሳይሆን ፕላስቲኩ ውስጥ ሥሩ ያልተጠማዘዘውን ትንሹን መምረጥ ይሻላል።

መትከያው ጊዜ ዝናቡ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቀድሞ የተተከለ በጀሪካን ይደገፋል፤ በነሐሴ የተተከለ ደግሞ ሥሩን ሳያወርድ በጋ ይደርስበታል። ጉድጓዱ ከችግኙ አፈር በስፋት እጥፍ፣ በጥልቀት ግን እኩል ይሁን፤ የችግኙ አንገት ከመደቡ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ዝቅ ካለ በክረምት ውሃ ያቁርበታል።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በመስከረም መጨረሻ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ጉዝጓዝ ይደረጋል፤ ይኸውም እርጥበቱ እንዳይተን አፈሩን በጭድ፣ በቅጠል ወይም በሬድ አሽ መሸፈን ነው። ብዙ ሰው ጉዝጓዙን በሰኔ ያደርገዋል፤ ይህም በዋልካ መሬት ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ርጥበት ይይዝና ሥርን ያበሰብሳል። ከመደቡ ግርጌ ላሉት የጤፍ ጭድ ወይም የደረቀ ቅጠል 7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከአናት ላሉት እሬትና ጦስኝ ግን ጭድ ሳይሆን ሬድ አሽ ይስማማቸዋል። በሁሉም ላይ ጉዝጓዙ ከግንዱ አራት ጣት መራቅ አለበት።

የመጀመሪያው በጋ ፈተናው እሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ 5 ሊትር ያህል በዝግታ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ አንድ ኩባያ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋልና ከማጠጣት አይቆጠርም። እኔ 40 ችግኝ ነበረኝ፤ በሳምንት 200 ሊትር ፈጀሁ፤ ሣሩ በሳምንት ይፈልግ የነበረው ከ1,600 ሊትር በላይ ነው። የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ለዚህ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም።

ጠብታ መስኖ ለመግዛት አቅም ያለው ይግዛ፤ ነገር ግን በፈረቃ ውሃ ግፊቱ ስለሚዋዥቅ መስመሩ ከሮቶ እንጂ ከቧንቧ በቀጥታ ባይቀጠል ይሻላል። እኔ ግን የሸክላ ገንቦ መረጥኩ። ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ገንቦ እስከ አንገቱ ይቀበርና በዙሪያው ሦስት ወይም አራት ተክል ይተከላል፤ ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች እያላበ ወደ ሥሮቹ ይደርሳል፣ አፉም ትነት እንዳይወስደው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። እዚህ ላይ ሸክላ ሻጯ እናት ራሳቸው ያስተማሩኝ ነገር አለ። ገንቦው ለምን እንደሆነ ስነግራቸው የመረጥኩትን መልሰው አስቀመጡና፣ «ይሄ እኮ የተሟሸ ነው ልጄ፣ ውሃ አያሳልፍም፤ ያልተሟሸውን ውሰድ» አሉኝ። ቤት እንደደረስኩ ያልተሟሸውን ውሃ ሞልቼ ሲሚንቶ ላይ አሳደርኩት፤ ጧት ስነካው ሆዱ ቀዝቅዞና ወርዝቶ ነበር፣ ሥሩም እርጥብ ክብ ተወ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው እንደዚህ ያለው ነው። ሌሊቱን ደርቆ ያደረ ገንቦ ለአትክልት አይሆንም፤ ለጠላ ይቀመጥ። በየአምስት ወይም ስድስት ቀኑ ይሞላል፤ በክረምት ግን ባዶውን ከድኖ መተው ነው።

ከሁለተኛው በጋ ጀምሮ ከአናት ያሉት ተክሎች በወር አንድ ጊዜ፣ የግርጌዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ቢጠጡ ይበቃቸዋል፤ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ግን ተክሉን ማየት ይሻላል። ዳማከሴ በቀትር ጠውልጎ ቢታይ ወዲያውኑ ጀሪካን አይነሳ፤ ብዙ ተክል ከፀሐይ ለመሸሽ ቅጠሉን ዝቅ ያደርጋል፣ ማታም ይመልሰዋል። በማግስቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ተመልሶ መመልከት ነው። ቀና ብሎ ከተገኘ አልተጠማም፤ ጧትም ካጎነበሰ ጣትን ከጉዝጓዙ ሥር እስከ ሁለተኛው አንጓ ማስገባት፣ አፈሩ ደረቅ ከሆነ 5 ሊትር መስጠት፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውሃውን ትቶ ሥሩ አጠገብ ቁፋሮ ማድረግና የኪኩዩ ነጭ ሐረግ ተጠምጥሞበት እንደሆነ መፈለግ።